ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ሲኦቱ እንዴት ይለካል፣ እንዴትስ ይስተካከላል፦ ለደብረ ብርሃንና ለአካባቢዋ ብርድ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ደብረ ብርሃን፣ ጫጫ፣ ሰላ ድንጋይ፣ ጣርማበር፣ የትም ሂዱ ጓሮው ላይ ፕላስቲክ ቤት የሠራ ሰው የሚያወራው አንድ ነው። ከውርጭ አስጥዬዋለሁ፣ ውሃ አልጎደለበትም፣ ፍግም ጨምሬያለሁ፣ ግን ቲማቲሙ ሞተም ሳይባል አደገም ሳይባል ቆሞ ቀረ ይላል። ከዛ ማዳበሪያ ይጨምርበታል፣ ይብስበታል። ሄጄ ሳይ አብዛኛው ቤት ብርድ እንዳይገባ ተብሎ ከማታ ጀምሮ እስከ ጠዋቱ 5 ሰዓት ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ ነው የማገኘው። ችግሩ እዛ ጋ ነው። ቅጠሉ ፀሐይ ካገኘባት ደቂቃ ጀምሮ አየሩ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበላል (ከዚህ በኋላ ሲኦቱ እያልኩ ነው የምጽፈው)፣ የሚተካለት አየር ደግሞ አይገባም፣ ስለዚ ፀሐዩ እያለ ውሃው እያለ ተክሉ ጦሙን ይውላል።

ሁለተኛው ጥፋት ከዚህ ይከፋል። "ሲኦቱ ያንሰዋል" ሲባል የሰማ ሰው በቀጥታ ጋዝ ፍለጋ ይሄዳል ወይ ከሰል አቀጣጥሎ ያስገባል። እባካችሁ እንደዛ አታድርጉ። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ አየር ማስገባት፣ ከዛ ኮምፖስት፣ መጨረሻ ላይ ምናልባት ጋዝ ነው። ከላይ ወደ ታች ሂዱ፣ አትዝለሉ።

ከሁሉም በፊት ይሄን አንብቡ፦ የሚገድለው ነገር

ከሰል፣ ኩበት፣ ላምባ፣ ምንም የሚነድ ነገር ለሲኦቱ ብላችሁ ፕላስቲክ ቤት ውስጥ አታስገቡ። ቤት ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ ያደረ ሰው ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፣ ፕላስቲክ ቤትም ቤት ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ እሱ አይታይም አይሸትም፣ የምትገዙት የሲኦቱ መለኪያ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድን ጭራሽ አያየውም። ሁለቱ የተለያዩ ጋዞች ናቸው። መለኪያው 900 ብሎ ደህና ነው ሲላችሁ እናንተ መመረዝ ልትጀምሩ ትችላላችሁ። ለተክሉም ቢሆን አይበጅም፣ በደንብ ያልነደደ ጭስ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ አለው፣ ቲማቲም ላይ አበባ ያራግፋል።

ሲኦቱ ራሱም ሲበዛ አደጋ ነው። ለሠራተኛ በ8 ሰዓት ሥራ የሚፈቀደው አማካይ ጣሪያ 5,000 ፒፒኤም (ከ1 ሚሊዮን ሊትር አየር 5,000 ሊትሩ) ነው፣ 40,000 ሲደርስ ወዲያው ለሕይወት አስጊ ነው። ከአየር 1.5 እጥፍ ስለሚከብድ ሳይበተን ሲቀር ወለል ላይና ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፣ ልጆች ደግሞ ቁመታቸው እዛው ነው። ራስ ምታት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ መፍዘዝ ከተሰማችሁ ሥራውን ጥላችሁ ውጡ። ውስጥ የወደቀ ሰው ካያችሁ ዘላችሁ አትግቡ፣ መጀመሪያ ጋዙን ከውጪ ዝጉ፣ በሩንና ፕላስቲኩን ከውጪ ክፈቱ ወይ ቅደዱት፣ ሰው ጥሩ፣ ከዛ አውጡት። ፕላስቲክ ይተካል።

የሚያስፈልጋችሁ

- የሲኦቱ መለኪያ (የትኛው እንደሆነ ደረጃ 2 ላይ አለ)
- ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር
- ሜትር፣ ደብተር፣ እስክሪብቶ
- ትንሽ ፋን፣ የጠረጴዛም ቢሆን ይሆናል
- መለኪያውን ከፀሐይ የሚከልል ነጭ ነገር፣ የተቆረጠ ነጭ ጀሪካን ይበቃል

ለጋዝ የሚያስፈልገውን አሁን አትግዙ። ደረጃ 6ን ሳትጨርሱ ብር ካወጣችሁ ትጸጸታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ቤታችሁ ስንት አየር እንደሚይዝ አስሉ

ርዝመት በስፋት በአማካይ ቁመት አባዙ። የኔ 6 ሜትር በ4 ሜትር ነው፣ ጣሪያው ቆልማማ ስለሆነ አማካይ ቁመቱን 2.5 ብዬ ያዝኩ፣ 60 ሜትር ኩብ መጣ። ከዚህ በታች የማወጣው ሒሳብ ሁሉ በዚህ ቤት ነው፣ የናንተ ግማሹ ከሆነ ቁጥሩን በግማሽ ውሰዱት።

አሁን ይሄን ልብ በሉ። የውጪ አየር ሲኦቱ ዛሬ ዛሬ 420 ፒፒኤም አካባቢ ነው፣ ማለትም ከ1 ሚሊዮን ሊትር አየር 420 ሊትሩ። 60 ሜትር ኩብ ውስጥ 25 ሊትር ብቻ ማለት ነው፣ በደብረ ብርሃን ስስ አየር ሲመዘን 33 ግራም ገደማ። በደንብ ያደገ ቲማቲም ወለሉን ከሸፈነው በጥሩ ፀሐይ ከ1 ካሬ ሜትር በሰዓት 2 ግራም ያህል ሊወስድ ይችላል። የኔ ቤት 24 ካሬ ሜትር ነው፣ 48 ግራም በሰዓት። ስለዚ ቤቱ አየር ባያስገባ ኖሮ ያለው ሁሉ 1 ሰዓት እንኳ አያደርስም ነበር። የሚያቆየው በስፌትና በበር ስር ሾልኮ የሚገባው አየር ነው። ፕላስቲካችሁን ባሳመራችሁት ቁጥር፣ ቀዳዳውን በደፈናችሁት ቁጥር፣ ረሃቡ ይጠነክራል።

ደረጃ 2፦ ትክክለኛ መለኪያ ምረጡ

ገበያ ላይ ሲኦቱ ይለካል ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ሲኦቱ አይለካም። ርካሾቹ ብዙዎቹ ሽታና ትነት ነክ ጋዞችን ያዩና ከዛ ተነስተው የሲኦቱ ቁጥር ይገምታሉ፣ ሽንኩርት አጠገቡ ስትከትፉ ቁጥሩ ይዘላል። ለኛ የሚሆነው ኤንዲአይአር የሚባለው በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚለካው ነው፣ ካርቶኑ ላይ ወይ መግለጫው ላይ ካልተጻፈ አትግዙ።

መሞከሪያ፦ ሻጩ ፊት ከፍታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ በመለኪያው አጠገብ አንድ ጊዜ ተንፍሱ። ትንፋሽ ወደ 40,000 ፒፒኤም ስለሆነ ቁጥሩ ዘሎ መውጣት፣ ቀስ ብሎም መመለስ አለበት። ከዛ የእጅ ማጽጃ አልኮል ከርቀት አሽቱት። በአልኮል ሽታ ከዘለለ ገማች ነው፣ ተዉት።

ሌላ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንድ፣ ከፍታ የሚሞላበት ቦታ አለው ወይ? ሁለት፣ ራሱን በራሱ የሚያስተካክልበትን ማጥፋት ይቻላል ወይ? ሁለቱም ካሉት ትንሽ ቢወደድም እሱን ውሰዱ። በአርዱዊኖ (ፕሮግራም የሚጫንባት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ራሳችሁ የምትገጣጥሙ ከሆነ ኤስሲዲ30 የሚባለው የመለኪያ ሴንሰር ከፍታ ይቀበላል፣ ኤስሲዲ41ም እንደዛው፣ ኤምኤች-ዜድ19 ርካሽ ነው ግን ከፍታ አይሞላበትም።

ደረጃ 3፦ መለኪያውን ለኛ ከፍታ አስተካክሉ

ይሄ ደረጃ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው፣ እኔም ወድቄበታለሁ፣ ስለዚ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። እዚህ የአየሩ ግፊት የባህር ዳርቻው 70 በመቶ ገደማ ነው። መለኪያው የሚያየው ፊቱ ያለፈውን የሲኦቱ ብዛት ነው፣ አየሩ ስስ ሲሆን ብዛቱም ያንሳል፣ እሱ ግን የተሠራው ለባህር ወለል ስለሆነ ሲኦቱ ጎደለ ብሎ ያነባል። 420 መሆን ሲገባው ውጪ ሜዳ ላይ 300 ይላችኋል። እኔ መጀመሪያ ግዜ ያን 300 ሳይ ዕቃው ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ነበር። ሸዋ ሮቢት ያለ ሰው ይሄ ስህተት አለበት ግን ያንሳል፣ እዛ ከፍታው 1,300 ሜትር አይሞላም።

1. የከተማችሁን ከፍታ ከስልካችሁ ጂፒኤስ ወይ ከካርታ ውሰዱ። 50 ሜትር ቢሳሳት ግድ የለም።
2. መለኪያው ሴቲንግ ውስጥ ከፍታ የሚል ካለ በሜትር ሙሉት። በጫማ የሚጠይቅ ከሆነ ሜትሩን በ3.28 አባዙ።
3. ራሱን በራሱ የሚያስተካክልበትን አጥፉ። ይሄን እባካችሁ አትርሱ። ብዙ መለኪያ በቀናት ውስጥ ያየውን ዝቅተኛ ቁጥር "ይሄ ንጹህ አየር ነው፣ 400 ነው" ብሎ ራሱን ይቀይራል። ቢሮ ውስጥ ያስኬዳል። ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ግን ቀን ቀን 220 ይወርዳል፣ እሱ ያን 220 እንደ 400 ይቆጥረዋል፣ ከዛ ተክላችሁ ተርቦ ሳለ ደህና ነው እያለ ይዋሻችኋል። የኤምኤች-ዜድ19 መግለጫ ራሱ ለግሪንሃውስ ይሄ ነገር አይሆንም ይላል።
4. ወደ ውጪ አውጡት። ጠዋት አይደለም፣ ጠዋት የየቤቱ ጭስ አየሩ ላይ ተኝቷል። ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ነፋስ ሲኖር፣ ከመንገድ፣ ከበግ በረትና ከማድ ቤት ራቅ አድርጋችሁ ጥላ ላይ አስቀምጡት፣ እናንተም ራቁ።
5. 20 ደቂቃ ተዉት። ከ400 እስከ 440 ካነበበ ደህና ነው፣ አትንኩት።
6. ካላነበበ በሜኑው የውጪ አየር ማስተካከያውን ተጫኑ። ኤምኤች-ዜድ19 ላይ ኤችዲ የሚለውን እግር ከ7 ሰከንድ በላይ ከግራውንድ ጋር ማገናኘት ነው።

ከፍታ የማይቀበል መለኪያ ይዛችሁ በ6ኛው ብቻ ካስተካከላችሁት 420 ላይ ልክ ይሆናል፣ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ዝቅ አድርጎ ሊያነብ ይችላል፣ 800 ሲላችሁ እውነቱ ወደ 950 ሊጠጋ ይችላል። እንደዚህ ያለ መለኪያ የያዘ ሰው ጋዝ ሲጨምር ከኔ ቁጥሮች ዝቅ ብሎ ይቁም።

ይሄን ከ4 እስከ 6 ያለውን በወር አንዴ ድገሙት። ጊዮርጊስን ወይ ሚካኤልን ምልክት አድርጉና በዛ ቀን አውጡት፣ አይረሳም።

ደረጃ 4፦ መለኪያውን ስቀሉ

ቅጠሉ በሚበዛበት ቁመት፣ ቤቱ መሐል። ተክሉ ሲያድግ አብሮ ከፍ ይበል፣ ስለዚ በሲባጎ አንጠልጥሉት። በር አጠገብ፣ መስኮት አጠገብ፣ ኮምፖስት በላይ አይሆንም። ፀሐይ በቀጥታ አይምታው፣ የጀሪካኑን ነጭ ቁራጭ ከላይ አድርጉለት፣ ከሥርና ከጎን አየር እንዲዘዋወርበት ክፍት ይሁን። ጠዋት ጠዋት ከፕላስቲኩ የሚንጠባጠበው ጤዛ ብዙ መለኪያ ገድሏል፣ ጀሪካኑ ለሱም ይረዳል።

ሲነበብ ደግሞ እናንተው ቁጥሩን ታበላሹታላችሁ። አንድ ሰው በሰዓት 35 ግራም ገደማ ሲኦቱ ይተነፍሳል፣ ሥራ ላይ ሲሆን ከዛም በላይ፣ ማለት 1 ሰዓት ዘግታችሁ ብትኮተኩቱ የኔን ቤት የሚያህለውን በ400 ፒፒኤም ልታሳድጉት ትችላላችሁ። ስክሪኑ በፕላስቲኩ በኩል ከውጪ እንዲታይ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ ወይ ስልክ ላይ የሚልክ ይሁን።

ደረጃ 5፦ 3 ቀን ምንም ሳትነኩ መዝግቡ

እንደ ልማዳችሁ ክፈቱ፣ እንደ ልማዳችሁ ዝጉ። ጠዋት 12 ሰዓት፣ 1 ተኩል፣ 3፣ 4፣ 6፣ ከሰዓት 9፣ 11 እና ማታ 2 ሰዓት ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ሲኦቱ፣ የውስጥ ሙቀት፣ በሩ ክፍት ነው ወይስ ዝግ። ደመና ከነበረ እሱንም።

የኔ የኅዳር አንድ ቀን እንዲህ ነበር፦ 12 ሰዓት 640፣ 1 ተኩል 530፣ 3 ሰዓት 290፣ 4 ሰዓት 215። 5 ሰዓት ላይ ስከፍተው በ20 ደቂቃ ወደ 390 ተመለሰ። ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ያለው የቀኑ ምርጥ ፀሐይ ባዶ አየር ላይ ነበር የወደቀው።

ሌሊት ቁጥሩ ከ420 በላይ መሆኑ አያስደንግጣችሁ፣ ተክሉም አፈሩም ሌሊት ይተነፍሳሉ። ሌሊት ሲኦቱ መጨመርም ጥቅም የለውም፣ ብርሃን በሌለበት አይበላም።

ቁጥራችሁን እንዲህ አንብቡት፦ ቀን ላይ ከ380 በላይ ከቆየ ችግራችሁ ሲኦቱ አይደለም፣ ወደ ውሃ፣ ወደ ሥር፣ ወደ ማዳበሪያ ተመለሱ። ከ300 እስከ 380 ከሆነ በአየር ይፈታል። ከ300 በታች በየቀኑ ከ1 ሰዓት በላይ ከቆየ ተክሉ በእርግጥ ተርቧል፣ እሱም በአብዛኛው በአየር ይፈታል።

ደረጃ 6፦ መጀመሪያ አየር

አብዛኛው ሰው ሥራው እዚህ ያልቃል፣ ያውም ያለ ወጪ። አየር ስናስገባ የምንፈራው ብርዱን ነው፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ ሲጥል ፍራቻው ልክ ነው። መፍትሔው ሰዓቱንና ቦታውን ማወቅ ነው።

1. ከላይ፣ ጣሪያው ጫፍ ላይ፣ የሚከፈት ከሌላችሁ አሁን ሥሩ። ከታች ብቻ የሚከፈት ቤት ብርዱን በቀጥታ ግንዱ ላይ ይለቀዋል። የላይና የታች መክፈቻ ሲደመር ከወለሉ ስፋት ከ15 እስከ 20 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ለኔ 24 ካሬ ሜትር 4 ካሬ ሜትር አካባቢ።
2. ፀሐይ ፕላስቲኩን እስክትመታው አትክፈቱ። የውስጡ ሙቀት ከ12 ዲግሪ በታች ከሆነ ቁጥሩ ቢወርድም ጠብቁ፣ በዛ ብርድ ተክሉም ብዙ አይበላም።
3. ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሲያልፍና ሲኦቱ ከ380 ሲወርድ የላይኛውን ብቻ አንድ ስንዝር ክፈቱ። እኔ ጋ ይሄ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው።
4. ፋኑን አብሩ፣ ወደ ተክሉ ሳይሆን በተክሉ በላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ይንፋ። ቅጠሉ በስሱ ሲነቃነቅ በቂ ነው፣ ከተውለበለበ በዝቷል። አየሩ ቆሞ ከሆነ ቅጠሉ አጠገብ ያለው ይበላና መለኪያው 400 እያለ ቅጠሉ ይራባል።
5. ከ15 ደቂቃ በኋላ አንብቡ። አሁንም ከ350 በታች ከሆነ የታችኛውን ነፋስ ከማይመጣበት ጎን አንድ ስንዝር ጨምሩ።
6. 24 ዲግሪ ሲደርስ በደንብ ክፈቱ። ከዛ እስከ ከሰዓት ሐሳብ የለም።
7. ከሰዓት በኋላ፣ በውርጭ ወራት 10 ሰዓት ላይ ዝጉ። ከ10 እስከ 12 ሰዓት ቁጥሩ ይወርዳል፣ አውቃለሁ፣ ግን የቀኑን ሙቀት ለሌሊት ማስቀረት ይበልጣል። በዚህኛው ላይ ሲኦቱን እኔ እተወዋለሁ።

በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ውርጭ የለም፣ ጉምና ደመና ነው፣ የላይኛውን ቀኑን ሙሉ ክፍት አድርጉት፣ ብርሃኑ ስለሚያንስ 400 ይበቃዋል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ ሁልጊዜ ስለሚያስከፍታችሁ ይሄን ደረጃ ካደረጋችሁ በቃ፣ የሚቀጥሉት ሁለቱ አያስፈልጓችሁም።

1 ሳምንት ይሄን ሠርታችሁ ደረጃ 5ን ድገሙ። ጠዋት ከ350 በላይ ከቆየ ጨርሳችኋል።

ደረጃ 7፦ ኮምፖስት

ውርጩ ጠንካራ ሆኖ ጠዋት መክፈት ለማይችል ሰው ከጋዝ በፊት ይሄ አለ። የሚብላላ ኮምፖስት ሲኦቱ ያወጣል፣ ሌሊት ደግሞ ሙቀት ይሰጣል፣ ለሰሜን ሸዋ ሁለቱም ያስፈልጋል።

1. ፍግና ገለባ፣ ቅጠልና የጓሮ አረም ውጪ ከምሩ፣ እርጥበቱ ሲጨመቅ ጥቂት ጠብታ የሚወጣው ያህል ይሁን።
2. ውጪ እያለ ቢያንስ ሁለቴ ገልብጡት። ትኩስ ፍግ አታስገቡ፣ አሞኒያው ቅጠል ያቃጥላል። ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ እስኪጠፋ ጠብቁ።
3. ጎኑ በተበሳ በርሜል ወይ በቅርጫት አድርጋችሁ ከበሩ ተቃራኒ ጫፍ አስገቡ፣ ለኔ ቤት አንድ በርሜል ሙሉ።
4. በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት አንብቡ። ከ1,500 በላይ ከሆነ ግማሹን አውጡ። እኔ ከ800 እስከ 1,000 ሲሆን ነው የምተወው፣ ፀሐይ ስትወጣ ተክሉ ይበላዋል።
5. በ10 ቀን አንዴ ገልብጡ፣ ሲቀዘቅዝ በአዲስ ቀይሩ፣ የቀዘቀዘው ለአፈሩ ነው።

ስለ ስኳርና እርሾ ጠርሙስ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ ጠላው ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ቢጠመቅስ ያሉኝም አሉ። ሐሳቡ ልክ ነው፣ ሲፈላ የሚወጣው ሲኦቱ ነው። ግን ሒሳቡን እዩት፦ 1 ኪሎ ስኳር ሙሉ በሙሉ ቢፈላ ግማሽ ኪሎ ገደማ ሲኦቱ ይሰጣል፣ በ1 ሳምንት ስታከፋፍሉት በሰዓት 3 ግራም። ቅጠሉ የሚፈልገው 48 ነው። ስኳር አታባክኑ። የሚሠራው ለ1 ሜትር ኩብ የችግኝ ሳጥን ብቻ ነው።

ደረጃ 8፦ ሲሊንደር፣ ለቀረው ሰው

እዚህ የደረሰ ሰው ደረጃ 6ን በደንብ ሠርቷል፣ ተክሉ ትልቅ ነው፣ ውሃና ማዳበሪያው ሙሉ ነው፣ ቤቱ አየር አያፈስም። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ጋዙ ለነፋስ ነው። ደግሞ እወቁት፣ ጋዝ የሚሠራው ቤቱ ዝግ ሆኖ ፀሐይ ባለበት ሰዓት ብቻ ነው፣ እኛ ጋ ያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ተኩል ወይ 4 ነው። ለዛች 3 ሰዓት የሚያዋጣ መሆኑን ራሳችሁ አስሉ።

1. ሲሊንደሩ ከቤቱ ውጪ፣ ጥላ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በሰንሰለት ታስሮ።
2. የሲኦቱ ሬጉሌተር (የሲሊንደሩን ግፊት የሚቀንሰው) እና የፍሰት መለኪያ ግጠሙ። መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና ውሃ ቀቡና አረፋ ካለ አጥብቁ።
3. አውቶማቲክ የምታደርጉ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚዘጋ ሶሌኖይድ ቫልቭ (በመብራት የሚሠራ መክፈቻና መዝጊያ) ይሁን። መብራት ሲጠፋ ክፍት የሚቀር ቫልቭ አትግዙ፣ መብራታችንን ታውቁታላችሁ።
4. ቀጭን ጎማ በየ30 ሳንቲሜትር በመርፌ በስታችሁ በመስመሮቹ መሐል ዘርጉ፣ ፋኑ ይሥራ።
5. ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ማንም ውስጥ እንደሌለ አይታችሁ ጋዙን ክፈቱ። በደቂቃ ግማሽ ሊትር ጀምሩ፣ በየ15 ደቂቃው አንብቡ፣ ካልጨመረ በትንሽ በትንሹ አሳድጉ። የኔ ቤት የሚበላውና የሚያፈሰው ተደምሮ በሰዓት 80 ግራም አካባቢ ይሆናል፣ በዚህ ሒሳብ 20 ኪሎ ሲሊንደር በቀን 3 ሰዓት ቢሠራ ከ80 ቀን ትንሽ በላይ ነው።
6. ዒላማው ከ700 እስከ 900። ከ1,000 በላይ ለተክሉ የሚጨምረው ትንሽ ነው፣ ብሩ ግን ይሄዳል። ደመና ከሆነ 500 እስከ 600 ይበቃል።
7. 26 ዲግሪ ሲደርስ ጋዙን ዝጉ፣ 20 ደቂቃ የቀረውን ይብላ፣ ከዛ ቤቱን ክፈቱ። ክፍት ቤት ውስጥ ጋዝ አትልቀቁ።
8. 2,000 ላይ የሚጮህ ማንቂያ ሙሉ።

ሲሊንደሩ ውስጥ ስንት ጋዝ እንደቀረ ለማወቅ ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) አትመኑት። ውስጡ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱ አይወርድም፣ ከዛ ባንዴ ያልቃል። በሚዛን መዝኑ፣ የባዶው ክብደት አንገቱ ላይ ተቀርጿል።

ሲበላሽ ምን ይደረግ

*ቁጥሩ ቀኑን ሙሉ 400 ላይ ተቸንክሯል።* ራሱን የሚያስተካክለው አልጠፋም፣ ወይ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በርቷል። ደረጃ 3ን ከተራ ቁጥር 3 ጀምሩ።

*ጠዋት 2,000 ወይ 3,000 ይላል፣ ጋዝ የለኝም።* ኮምፖስቱ ነው ወይ ጤዛ ገብቶበታል። ቤቱን ከውጪ ክፈቱ፣ መለኪያውን አውጥታችሁ ጥላ ላይ ግማሽ ቀን አድርቁት፣ ውጪ 420 ካለ ኮምፖስቱን ቀንሱ።

*ከፍቼዋለሁ፣ ግን ከ330 አይወጣም።* ተክሉ ጥቅጥቅ ብሏል፣ አየር መሐሉ አይደርስም። የታች ቅጠሎችን መልምሉ፣ ፋኑን ቦታ ቀይሩ፣ የነፍሳት መከላከያ መረባችሁ በአቧራ ተደፍኖ እንደሆነም እጠቡት፣ እኔ ይሄ ሆኖብኝ 2 ሳምንት ፈጅቶብኛል።

*የቅጠሉ ጠርዝ ተቃጠለ፣ ቁጥሩ ደህና ነው።* አሞኒያ። ኮምፖስቱን ዛሬውኑ አውጡ፣ አየር አስገቡ፣ የተቃጠለው አይመለስም ግን አዲሱ ቅጠል ንጹህ ይወጣል።

*አበባው ይረግፋል።* አጠገብ ጭስ አለ ወይ? የማድ ቤት ጭስ በመስኮት የሚገባ ከሆነ በዛ በኩል አትክፈቱ። ጭስ ከሌለ ሌሊቱ ስንት እንደወረደ ቴርሞሜትሩን እዩ፣ ብርድም ያራግፋል።

*ጋዝ ከፍቼ ሬጉሌተሩ በረዶ ሠራ።* ፍሰቱ በዝቷል። ዝጉ፣ በራሱ ይቅለጥ፣ በእሳትም በፈላ ውሃም አትንኩት፣ ከዛ በግማሹ ፍሰት ጀምሩ።

*ጋዙ እየፈሰሰ ቁጥሩ አይጨምርም።* ፋኑን አጥፉና ማታ ሲጨልም አንድ ሰው ውስጥ በባትሪ መብራት ያብራ፣ ሌላው ውጪ ይዙር፣ ብርሃን የሚሾልክበትን በቴፕ ይድፈን። ጋዙ በዚህ ሰዓት መዘጋቱን ሁለታችሁም በዓይናችሁ እዩ።